ሥራ ፈት እና ሥራ አጥ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ሙታን ሳይሆን ስለ ሕያዋን ነው። ድንኳን ሥር ተቀምጠን የሟቹ ነገር ሲያልቅ ወሬው ወዴት እንደሚዞር ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ወደ ልጆቻችን ነው። አንዱ «ሥራ እኮ ሞልቷል፤ የዛሬ ልጅ ነው ሥራ የሚንቀው» ይላል። ሌላው ቀበል አድርጎ «የቱ ሥራ? መንግሥት ሥራ ሳይፈጥር ልጁ ምን ያድርግ?» ይላል። ከዚያ ነገሩ ወደ ፖለቲካ ይገባና አንዱ የመንግሥትን፣ አንዱ የተቃዋሚን ቃል ይዞ ሲከራከር ንፍሮው ያልቃል። ልጁ ግን ያው በር ላይ እንደቆመ ነው።

በአማርኛችን ሥራ ፈትና ሥራ አጥ አንድ አይደሉም። ሥራ ፈት ማለት ሥራ ሳለለት እጁን አጣምሮ የሚውል ነው። ሥራ አጥ ማለት ፈልጎ ያላገኘ ነው። ለቅሶ ቤት ግን ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ለቅሶ ቤት ብቻም አይደል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ምናልባት ቀማኛውንና ደብዳቢውን ለመያዝ የታሰበ ይሆናል፤ ነገር ግን «ቦዘኔ» የሚለው ስም ጥግ ላይ በቆመ ልጅ ሁሉ ላይ ተለጠፈ። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2010 ዓ.ም. በከተሞች ባደረገው ጥናት ሥራ አጡ ከመቶ 19 ያህል ሆኖ ተገኝቷል፤ የሴቶቹም ከወንዶቹ እጅግ የበዛ ነበር። እንግዲህ ከየአምስቱ አንዱ ሰነፍ ነው ልንል ነው? በሴቶቹ ላይ ደግሞ ስንፍናው ባሰ ልንል ነው? ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ምጣድ የምትጥደውን ሴት ሰነፍ የሚላት ካለ እዚህ ፊታችን ይምጣና ይናገር።

ሥራ መናቅ የለም አንልም። አለ፤ የቆየም ነው። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን በስድብ ስም መጥራት የአገሩ ልማድ ነበር። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ስለ በረታ ነው። ስድቡ በአዋጅ አልጠፋም። ኋላም በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የወጣውን ሁሉ መንግሥት ይመድበው ስለነበር፣ ትምህርት ማለት ቢሮ መግባት ነው የሚለው ሐሳብ ሥር ሰደደ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ምደባው ቀረ፤ ሐሳቡ ግን በየቤቱ ቀረ። ልጁ «ተማር፣ ወንበር ታገኛለህ» እየተባለ አድጎ በሃያ ሁለት ዓመቱ አካፋ ያዝ ቢባል ቢያመነታ ምን ይገርማል?

ቢሆንም አመነታ እንጂ አልቀረም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየከተማው የኮብልስቶን ሥራ ሲመጣ ምን እንደተባለ ታስታውሳላችሁ። «ዲግሪ ይዞ ድንጋይ ይጠርባል» ተብሎ በአንድ ወገን ተፌዘ፤ በሌላ ወገን ደግሞ «ይኸው ሥራ ያልናቀ ወጣት» ተብሎ በቴሌቪዥን ታየ። ሁለቱም ወገን ልጁን ለክርክሩ ተጠቀመበት። ድንጋዩ ግን ዛሬም በየመንደሩ መንገድ ላይ ተነጥፎ እየረገጥነው ነው። ትውልዱ ሁሉ ሰነፍ ከሆነ ይህን ያህል ድንጋይ ማን ጠረበው?

ሌላም እንጨምር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመርቆ ብዙ ሺህ ልጃገረዶች ተቀጠሩበት። ብዙዎቹም ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ። «ሥራ ሰጥተናቸው ጣሉት» ተባለ። የመነሻ ደመወዙ ከ1,000 ብር በታች ነበር። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ ይከፈላል፤ ለዚያውም ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ነው። ይበላል፣ ሳሙና ይገዛል፣ ለእናት ይላካል። ይህን ሒሳብ ለመሥራት ስምንተኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ ዕድል ስታስወጣ፣ ከፓርኩ ለቀው የሄዱ ድርጅቶች ነበሩ። ሥራውን ጥላ ያልሄደችውን ሥራው ጥሏት ሄደ። ይህንንስ ስንፍና እንበለው?

ዓረብ አገር የሚሄዱትም እንደዚሁ ናቸው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ አይተናል። እነዚያ ሰዎች በረሃ አቋርጠው፣ ባሕር ተሻግረው የሄዱት ልብስ ሊያጥቡ፣ በግ ሊጠብቁ፣ ሲሚንቶ ሊሸከሙ ነው። ሥራ የሚንቅ ሰው ለበግ ጥበቃ ባሕር ይሻገራል? ሥራው እዚህም እዚያም አንድ ነው፤ ክፍያው ነው የሚለየው።

መንግሥት ምንም አልሠራም ማለትም እውነት አይሆንም። በ2009 ዓ.ም. አሥር ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተብሎ ተመድቧል። ወስዶ ዶሮ ያረባ፣ ብሎኬት ያመረተ አለ፤ ወስዶ ያልመለሰም ብዙ ነው። «ሥራ ጠባቂ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» የሚለው ቃል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሁሉ ሰው ነጋዴ ሆኖ አይፈጠርም። ከዚህ ከተሰበሰብነው ስንቶቻችን ነን ሱቅ ከፍተን የምናተርፍ? አብዛኛው ሰው ሰዓት ገብቶ፣ ሰዓት ወጥቶ፣ ወር ሲደርስ ደመወዝ መቀበል ነው የሚችልበት። ይህም ነውር አይደለም።

የመንግሥቱን ለመንግሥት እንተውና ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ፤ ለዛሬው ንግግር የተነሣነውም ለዚህ ነው።

ባለፈው ክረምት ከሰፈራችን አንዲት ልጅ፣ ስሟን አንጠራም፣ ለአንድ መደብር ገንዘብ ተቀባይነት ተፈትና አለፈች። ከዚያ ዋስ አምጪ ተባለች። ዋሱ ቋሚ ሠራተኛ እንዲሆን፣ ደመወዙ ከሷ እንዳያንስ፣ ለሌላ ሰው ዋስ አለመሆኑንም የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ እንዲያመጣ ነው የታዘዘው። አባቷ ጡረተኛ ናቸው፤ የጡረታ ደብተር ደግሞ ለዋስትና አይቀበሉም። እናቷ በየቤቱ ዞሩ። አንዱ «ባለቤቴን ላማክር» አለ፤ አንዱ «መሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ አይሰጥም» አለ፤ አንዱ ስልኩን አላነሣም። የተሰጣት ጊዜ አሥር ቀን ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ቦታው ለሌላ ተሰጠ። መስከረም ላይ እዚሁ ሰፈር በአንድ ለቅሶ ቤት የልጅቷ ነገር ተነሥቶ «ሥራ አግኝታ እኮ ተወችው፤ የዛሬ ልጅ!» ሲባል በጆሯችን ሰማን።

እምቢ ያሉትን አንወቅስም። ዋስ ሆኖ ሌላ ባጠፋው ዓመት ሙሉ ደመወዙ የተቆረጠበት ሰው በመካከላችን አለ። እኛም በመዝገብ ቤት ብዙ ዓመት ስለሠራን በየሠራተኛው ማኅደር ውስጥ የዋስትና ወረቀት ስናገላብጥ ኖረናል። ብዙው ወረቀት «ለሚያጠፋው ማናቸውም ገንዘብና ንብረት ኃላፊ ነኝ» የሚል ነበር፤ እስከ ስንት ብር እንደሆነ አይናገርም። የሚያስፈራው ይኸው ነው። ልጅቷን የሚጠራጠር የለም፤ ሰው የፈራው ልክ የሌለውን ዕዳ ነው።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1922፣ ዋስትና በግልጽ የተሰጠ መሆን እንዳለበትና ዋስ የተሆነበት የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው እንደማይጸና ደንግጓል። ዋስትና በቃል ብቻ እንደማይበቃና በጽሑፍ መሆን እንዳለበትም ሕጉ ይናገራል። ስለዚህ አሠሪው ባዶ ወረቀት አቅርቦ «ፈርም» ሲል፣ «እስከዚህ ብር ድረስ፣ እስከዚህ ጊዜ ድረስ» ብሎ አስጽፎ መፈረም ይቻላል። ይህን የማያውቅ ሰው ወይ ያለ ልክ ይፈርማል፣ ወይ ጨርሶ ይሸሻል።

ሐሳባችን ይህ ነው። በእድራችን ውስጥ አሁንም በደመወዝ ላይ ያሉ አባላት አሉ። ከነዚህ ፈቃደኛ የሆኑት ይመዝገቡ። አንድ ልጅ ሥራ አግኝቶ ዋስ ሲጠየቅ ወላጁ ለኮሚቴው ያመልክት። ኮሚቴው ልጁን ያውቀዋል፣ ቤተሰቡንም ያውቃል፤ ከኛ የሚሰወር የለም። አሠሪው እሺ ካለ አንዱ ብቻውን ከሚሸከም ሁለት ሦስት ሰው ይካፈለው፤ መጠኑና ጊዜው ይጻፍ። ዳኛችንም አብረው ሄደው አሠሪውን ቢያነጋግሩ መልካም ነው። እዚህ አካባቢ ያሉት ባለ ሱቆችና ባለ መጋዘኖች የሳቸውን ቃል ቀላል አያደርጉትም።

የእድሩ ገንዘብ ለዋስትና መያዣ ይዋል የሚል ሐሳብም ከአንዳንድ አባላት መጥቷል። በዚህ አንስማማም። ያ ገንዘብ ለቀብር የተዋጣ ነው፤ ሌሊት ሞት ቢመጣ ባንክ ውስጥ መገኘት አለበት። ወርሃዊ መዋጮዋን ከጉሊት ለቅማ የምትከፍል እናት ለማታውቀው አሠሪ ዋስ አትሁን።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ይህ እንኳ ዋስ አያስፈልገውም። ድንኳን ለመትከልና ለመንቀል፣ ወንበርና አግዳሚ ለማመላለስ፣ ድስትና ሳፋ ለማጠብ ከሌላ ሰፈር የቀን ሠራተኛ እየጠራን እንከፍላለን። ለምን ለራሳችን ልጆች በውል አንሰጥም? «እቃ ይሰብራሉ» ይባል ይሆናል። የውጭዎቹስ አልሰበሩም እንዴ? የትልቁን ብረት ድስት ጆሮ ማን እንደገነጠለው ንብረት ክፍላችን ያውቃል። ክፍያው የቀን ሠራተኛው የሚያገኘው ይሁን፤ «የሰፈር ልጅ ነህ» ተብሎ ግማሽ እንዳይሰጠው። ግማሽ ከሰጠነው እሱም ሲቀር ሥራ ናቀ እንላለን፣ ክርክሩም እንደገና ይጀመራል።

ለዋስትናው የሚመዘገቡ አባላት ስም የሚጻፍበት ደብተር ከዛሬ ጀምሮ ከጸሐፊው ዘንድ ይገኛል። በድንኳኑ ሥራ ላይ ጉባኤው ዛሬውኑ ድምፅ እንዲሰጥ እንጠይቃለን።