የአንድ የሒሳብ ሊቅ የጽሑፍ ዝርዝርና የሙርሲ የወር አቈጣጠር

(ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



አንድን ሊቅ ስንመዝን ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «ስንት ጽሑፍ አሳተመ?» ብለን ነው። ቍጥሩ ከበዛ እናደንቃለን፤ ጽሑፎቹ ከአንዱ የትምህርት ዓይነት ወደ ሌላው የዘለሉ እንደ ሆነ ግን «በአንድ ነገር አልጸናም» እንላለን። እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የእንግሊዛዊው የክላይቭ ራግልስ የጽሑፍ ዝርዝር ነው።

ራግልስ በካምብሪጅ ሒሳብን፥ በኦክስፎርድ የከዋክብትን ፊዚክስ ተማረ፤ በሌስተር ዩኒቨርሲቲም የኮምፒዩተር ትምህርት አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1990 በአዘጋጅነት ያሳተመው መጽሐፍ፥ የኮምፒዩተር ሥራ ደረጃዎች በሒሳብ ቋንቋ በጥንቃቄ ስለሚጻፉበት መንገድ የሚናገር ነው። የዚህም ዓይነት አጻጻፍ ዓላማው፥ አንዱ ዐረፍተ ነገር ለሁለት ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሁለት ትርጕም እንዳይሰጥ ነው። በ1999 ስለ ጥንታዊት ብሪታንያና አየርላንድ ሥነ ፈለክ፥ በ2005 ደግሞ በጠቅላላው ስለ ጥንታዊ ሥነ ፈለክ ትልልቅ መጻሕፍት አውጥቷል።

በዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ ግን እኛን የጂንካ ተማሪዎችን የሚነካ ጽሑፍ አለ። ይኸውም በ1978 ከአንትሮፖሎጂ ሊቁ ከዴቪድ ተርተን ጋር «ከረንት አንትሮፖሎጂ» በተባለው መጽሔት ያወጡት፥ ስለ ደቡብ ኦሞ ሙርሲዎች የጊዜ አቈጣጠር የሚናገረው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙርሲዎች ወርን የሚቈጥሩት በጨረቃ ነው። ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ያህል ይሆናሉ፤ ከፀሓይ ዓመት በ11 ቀን ያንሳሉ። በሦስት ዓመት ጕድለቱ ከአንድ ወር ያልፋል። እኛ ጳጉሜን አለን፤ አይሁድም በተወሰነ ዓመት 13ኛ ወር ይጨምራሉ። ይህ ሁሉ በተጻፈ ሕግ የሚሠራ ነው። በሙርሲ ግን «ዘንድሮ ወር ይጨመር» ብሎ የሚያውጅ የለም።

ታዲያ በምን ይስተካከላል? በክርክር! አንዱ «አምስተኛው ወር ነው» ሲል፥ ሌላው «የለም፥ ስድስተኛው ነው» ይላል። በዚህም ሳይጣሉ አብረው ይኖራሉ። ቈይቶ ምልክቱ ሲመጣ፥ ማለት ኦሞ ሲሞላ፥ ወይም «ኢማይ» የሚሉት ከደቡብ መስቀል ኮከቦች አንዱ በምሽት መታየቱን ሲተው፥ የተሳሳተው ወገን ይታወቃል። ትርፉም ወር ማንም ሳያውጀው ገባ ማለት ነው። የጽሑፉ አርእስት ራሱ «ላለመስማማት መስማማት» የሚል ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። በአንዱ መጽሐፍ አለመግባባት እንዲጠፋ የደከመ ሊቅ፥ በሌላው ጽሑፍ አለመግባባት ራሱ የሚሠራ መሣሪያ መሆኑን አሳየ። ጽሑፎቹን ቈጥረን ብቻ ብናልፍ ኖሮ ይህን ባላስተዋልን ነበር።

ነገር ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በ2015 ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ የኦሞ ሙላት እንደ ዱሮው አይመጣም። ያ ሙላት ማሽላ የሚዘራበትን ዳርቻ ያረሰርስ ነበር፤ ክርክሩንም የሚፈርድ ዳኛ ነበር። ዳኛው ሲቀር ቍጥሩ እንዴት ሊሆን ነው? ይህን የሚጠይቅልን ሰው ዳግመኛ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መጠበቅ አለብንን? ሒሳብ የምንማር እኛ፥ ፕሮግራም የምንጽፍ እኛ፥ ቋንቋውን ከእናታቸው የተማሩ ጓደኞች ያሉን እኛ አይደለንምን?

ስለዚህ ማኅበራችን አንድ መዝገብ እንዲከፍት አሳስባለሁ። በየወሩ ሽማግሌዎቹን «ዛሬ ስንተኛው ወር ነው?» እያልን፥ ፈቃዳቸው ከሆነ ከነስማቸው፥ መልሳቸውን እንጻፍ። በ1978ቱ ጽሑፍ ላይ የደራሲነት ስም ያላቸው ሁለቱ ሊቃውንት ናቸው፤ ዕውቀቱ ግን የሙርሲዎች ነው። መልሶቹም የተለያዩ እንደ ሆነ አናርማቸው፤ ዕውቀቱ ያለው በልዩነቱ ውስጥ ነውና።