ድንኳን ያልተተከለለት ኀዘን

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ልደታ ተወልደን ከዚያ የተነሣን ተማሪዎች ነን። የአሮጌው ልደታ ቤቶች በ2002 ዓ.ም. ግድም ለመልሶ ግንባታ ሲፈርሱ እኛ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች ነበርን። ከጎረቤቶቻችን አንዳንዱ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፥ አንዳንዱ ሌላ የቀበሌ ቤት ገባ። የራሱ መጸዳጃ ያለው ቤት የደረሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ተባለ። ነገር ግን እናቶቻችን «ቡና ጠጡ» የሚሉት ጎረቤት አጡ፤ አባቶቻችንም ዕድር ለመክፈል ሁለት ታክሲ እየያዙ ይመላለሱ ጀመር። ከመካከላችን የአንዱ እናት ለወራት መጋረጃ ሳይገልጡ ተቀመጡ። «ደክሟቸው ነው» እንል ነበር። ስሙ ድባቴ መሆኑን ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው።

ሰው ሲሞት ባህላችን ብልኅ ነው። ድንኳን ይተከላል፤ ኀዘንተኛው ብቻውን አያድርም፤ እህል እንዲቀምስም ይለመናል። ሠፈር ሲፈርስ፥ ሥራ ሲጠፋ፥ ትዳር ሲበተን፥ ወይም ልጅ ከአገር ቤት መጥቶ ዶርሚተሪ ሲገባ ግን ድንኳን የሚተክል የለም። ሰውዬው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል። ሆድ ግን አይፈጀውም፤ እርሱ ሆድን ይፈጃል።

እርግጥ ነው፥ ኀዘን ሁሉ በሽታ አይደለም። ኑሮ ሲለወጥ መከፋት የጤና ነው። ይሁን እንጂ መከፋቱ ወይም የወደዱትን ነገር መጥላቱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ከዘለቀ፥ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተዛባ፥ ትምህርት አልገባ ካለ፥ «እኔ አልረባም» የሚል አሳብ ከተመላለሰ፥ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ይህ የስንፍናም የእምነት ማነስም ምልክት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 280 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ድባቴ አለባቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ምሳ መብላት የተወውን ጓደኛ «አይዞህ» ብለን አንለፈው፤ አጠገቡ ተቀምጠን እንስማው። እኛም ስንከፋ የመኝታ ሰዓታችንን እንጠብቅ፤ በእግራችን እንንቀሳቀስ። ጫትና መጠጥ ለጊዜው ያስረሳሉ፤ ነገር ግን እንቅልፍ ነሥተው ያባብሱታል። ሕክምናው ምክርና እንደ ሁኔታው መድኃኒት ነው፤ የሚገኘውም አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን በሌሎች ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ጭምር ነው። ጸበል የሚሄድም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይሂድ። ስለ መሞት የሚያወራ ጓደኛ ካለን ግን ለአፍታም ብቻውን አንተወው፤ በዚያው ሰዓት ይዘነው ወደ ሐኪም እንሂድ።

እኝያ እናት ዛሬ ደኅና ናቸው። የደረሱላቸው የድሮ ጎረቤታቸው ናቸው። ከዕድር ሲመለሱ ጎራ ብለው በሩን አንኳኩ፤ መጋረጃውን ገልጠው ቡና አፈሉ፤ በማግሥቱም ሐኪም ዘንድ ይዘዋቸው ሄዱ።

እኛም ዛሬ ማታ በየዶርማችን አንድ በር እናንኳኳ።