ስለ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ለጀማሪዎች



በዚህ በልደታው አዳራሽ ስለ ድልድይ እንጂ ስለ ጠመንጃ መናገር እንግዳ ይመስል ይሆናል። ጉዳዩ ግን የሙያችን ነው። ሁለቱ አፈሙዞች ፍጹም ትይዩ አይደሉም፤ ወደ ፊት በጥቂቱ ይቀራረባሉ። ጥይቱ ገና ሳይወጣ የቀኙ ግፊት ጠመንጃውን ወደ ቀኝ፣ የግራው ወደ ግራ ስለሚያዞረው መቀራረቡ ያካክሰዋል። ሠሪው ይህን የሚያስተካክለው ለአንድ ዓይነት ጥይት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ያገኘሁትን አጉርሼ በ50 ሜትር ዒላማ ላይ ምቶቹ ሲራራቁ ወር ሙሉ ዓይኔን ወቀስሁ!

የ470 ናይትሮ ኤክስፕረስ እርሳስ 32 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በሴኮንድ 650 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ትከሻ ይህን ሳይለምድ ጎሽ ፊት መቆም ድፍረት አይባልም። አደኑም ያለ ፈቃድ አይደረግም። ስለዚህ ጀማሪው አስቀድሞ ባሩድ በሌለው የልምምድ ጥይት የፊተኛውን ምላጭ፣ ወዲያው የኋለኛውን መሳብ ይልመድ፤ በጥሻ ውስጥ ጣት ሁለተኛውን ምላጭ የሚፈልግበት ጊዜ አይገኝም።