የዘንገና ዳር፦ ያለ ክፍያ ስለሚታይ ውሃ



ባሕር ያላቸው አገሮች ሕዝቦች በዕረፍት ቀናቸው ወደ ዐለታማው ዳርቻ ወርደው ማዕበሉ ከድንጋዩ ጋር ሲላተም እያዩ ይውላሉ። ለዚህ ደስታ በአብዛኛው የሚጠየቅ ገንዘብ የለም። ነገሩ የቆየ ሥር አለው፤ በ6ኛው መቶ ዓመት በቄሣር ዮስጢንያኖስ ዘመን የተጠናቀረው የሮም ሕግ አየር፣ የሚፈስስ ውሃ፣ ባሕርና የባሕር ዳርቻ ለሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ናቸው ሲል ደንግጎ ነበር። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም ዳርቻ የማንም የግል አጥር ሊሆን አይገባም የሚሉ አገሮች ጥቂት አይደሉም።

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም። ስለዚህ ዛሬ ከዐለት ላይ ተቀምጦ ውሃ ማየት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ የሚሄደው ወደ ሐይቅና ወደ ፏፏቴ ነው። በአዊ ዞን ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ለሚመጣ መንገደኛ፣ እንጅባራ ሊገባ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ከዋናው መንገድ አጠገብ የዘንገና ሐይቅ ይገኛል። ብዙ ሰው በአውቶቡስ መስኮት እንኳ ሳያየው ያልፋል፤ ምክንያቱም ሐይቁ ከመሬት በታች በተቦረቦረ ገበታ ውስጥ ስለ ተቀመጠ፣ ካልወረዱና ወደ ጠርዙ ካልተጠጉ አይታይም።

ዘንገና በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ነው። ቅልጥ ዐለት ወደ ላይ ሲወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ያገኘዋል፤ ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎቱም መሬቱን ፈንቅሎ ክብ ጉድጓድ ያበጃል። ሐይቁ ክብ መሆኑና ዳሩ ቁልቁል መሆኑ ከዚህ የመጣ ነው። የታተሙት ልኬቶች የውሃው ስፋት ከዳር እስከ ዳር 1 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከፍተኛው ጥልቀቱ 166 ሜትር መሆኑን ያሳያሉ። የቦታው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። በጥልቀት ከኢትዮጵያ ሐይቆች የሚበልጠው 266 ሜትር የሚለካው ሻላ ነው ይባላል። ጣና በአንጻሩ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ከ15 ሜትር ብዙም አይጠልቅም። አንድ መሐንዲስ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ባያስቀምጥ፣ ትንሹ ሐይቅ ከትልቁ በአሥር እጥፍ ይጠልቃል ብሎ ለማመን ይቸገራል።

ታዲያ ዘንገና ላይ የባሕሩን ዓይነት ማዕበል መጠበቅ ይቻላልን? ስሌቱ አጭር ነው። በውሃ ላይ የሚነሣው ሞገድ መጠን በነፋሱ ፍጥነትና ነፋሱ ውሃውን ሳይከለከል በሚጓዝበት ርቀት ይወሰናል። በሴኮንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በ1 ኪሎ ሜትር ውሃ ላይ የሚያነሣው ሞገድ በተለመደው ቀመር 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሞገድ ከሌላው የሚከተለው ከ1.3 ሴኮንድ በኋላ ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ3 ሜትር ያንሳል። በጣና ላይ ያው ነፋስ 60 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ሞገዱ ከ1 ሜትር ይዘላል። በውቅያኖስ ላይ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ የተነሣ ማዕበል ዳርቻ እስኪደርስ ኃይሉን አያጣም።

ሞገድ ወደ ጥልቀት የለሽ ስፍራ ሲደርስ ይሰበራል። ይኸውም የሚሆነው የውሃው ጥልቀት ከሞገዱ ቁመት 1.3 እጥፍ ያህል ሲቀር ነው። ሁለት ሜትር የሚያህል የባሕር ማዕበል ከ2.6 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲደርስ ተገልብጦ ይወድቃል፤ ነጭ አረፋውና ድምፁ ከዚህ የሚመጡ ናቸው። በዘንገና ግን ከዳሩ ጥቂት እርምጃ ወዲያ ጥልቅ ስለሆነ ሞገዱ የሚሰበርበት ሜዳ አያገኝም፤ ድንጋዩን በጥፊ እንደሚመታ ሰው መትቶት ይመለሳል። ይህ ጸጥታ ለዓይን ውበት ቢሆንም ለዋናተኛ ማታለያ ነው። በባሕር ዳርቻ ማዕበሉ ራሱ «ተጠንቀቅ» ይላል፤ በዘንገና ውሃው ምንም አይናገርም። ከመሐል እስከ ዳር ያለው አማካይ ዝቅታ በየ3 ሜትሩ 1 ሜትር ነው፤ በዳሩ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ሊሆን ይችላል። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ውሃ ይቀዘቅዛልና፣ ያልለመደ ሰው በድንገት ሲገባበት ትንፋሹ ይቋረጣል።

አሁን ወደ ክፍያው ጉዳይ እንመለስ። ለመግቢያ ገንዘብ መጠየቅ የሚገባው ገንዘቡ የሚመለስለት ነገር ሲኖር ነው። በዚህ በኩል የጢስ ዓባይ ታሪክ ትምህርት አለው። ወደ ፏፏቴው የሚሄድ ጎብኚ ትኬት ቆርጦ ይገባል። ዳሩ ግን በ1956 ዓ.ም. ከተሠራው የመጀመሪያው ማመንጫ በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. የጣናን ውሃ አወጣጥ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው ማመንጫ ሲጀምር ዐለቱ ላይ ይወርድ የነበረው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቦዩ ዞረ። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ሲጀምር የሐይቁ ውሃ ከፊሉ በሌላ በኩል ይወርድ ጀመር። ስለዚህ በበጋ የመጣ ጎብኚ ዋጋውን ከፍሎ የሚያየው ጥቁር ዐለትና ቀጭን የውሃ ክር የሆነባቸው ዓመታት ነበሩ። መብራቱ አስፈላጊ እንደነበር ማንም አይክድም። ነገር ግን ትኬት የሚሸጠውና ውሃውን የሚያዞረው ባለሥልጣን የተለያዩ ሲሆኑ፣ ጎብኚው ስለ ውሃው የሚጠይቀው ሰው እንደማያገኝ ግልጽ ነው።

ሌላው ምሳሌ ቢሾፍቱ ነው። እዚያም የእሳተ ገሞራ ሐይቆች አሉ፤ በጠርዛቸው ላይ ሆቴልና መዝናኛ ተደርድሯል። ከዚህ የተነሣ ውሃውን ለማየት የሚሻ ሰው በብዙ ቦታ መጀመሪያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቡና ማዘዝ አለበት። ለውሃው ቀጥተኛ ክፍያ የለም፤ መንገዱ ግን ተከፍሏል። ይህ ከትኬት ይከፋል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ትኬት ሲቆረጥ ቢያንስ ዋጋው ተጽፎ ይታያል።

በአዊ ዞን ይህ ገና ሙሉ በሙሉ አልሆነም። ስለዚህም ከአሁኑ ሊወሰን የሚችል ነገር አለ። በእግሩ ወደ ዘንገና የሚወርድ ሰው፣ ተማሪም ሆነ ገበሬ፣ ከእንጅባራም መጣ ከዳንግላ፣ መክፈል አይገባውም። የሚከፍለው መኪና ይሁን። መኪና የመቆሚያ ሜዳ ይጠይቃል፤ ዘይት ያንጠባጥባል፤ አንዳንዱ አሽከርካሪም ወርዶ ከሐይቁ ውሃ ተቀድቶ ይታጠብለት ዘንድ ይሻል። መቆሚያው ከጠርዙ ራቅ ብሎ በዋናው መንገድ በኩል ቢሠራ፣ ከመቆሚያ የሚገኘው ገንዘብ ለመንገዱ ጥገና ይበቃል ወይም ቢያንስ ያግዛል። በደጃፍ ላይ ዘብ አቁሞ ከእያንዳንዱ ሰው ጥቂት ብር መሰብሰብ ግን ገቢው ለዘቡ ደመወዝና ለትኬቱ ማሳተሚያ የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

መንገዱ ራሱ የሚሠራበትን ዘዴ ማሰብ ይገባል። ሰው ቁልቁል ሲወርድ አቋራጭ ይወዳል። እግር ያመጣው ቀጥታ መንገድ በሰኔ ጎርፍ ሲያገኘው ቦይ ይሆናል፤ በመስከረም ሲታይ ጉልበት የሚያህል ጉድጓድ ነው። የገሞራ አመድና ጠጠር የተከመረበት ጠርዝ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። መድኃኒቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ መንገዱን እያጠማዘዙ ማውረድ፣ በየመታጠፊያው ውሃውን ወደ ሣሩ የሚያስወጣ ድንጋይ መደርደር፣ ቁልቁለቱ በሚበዛበት ደግሞ ደረጃ መሥራት ነው። ድንጋዩ በቦታው አለ፤ የደረቅ ካብ ጥበብም በአካባቢው ገበሬ እጅ አለ። ሲሚንቶ አስፈላጊ የሚሆነው ለጥቂት ስፍራ ብቻ ነው። እንዲያውም ሲሚንቶ የበዛበት ደረጃ አንድ ጊዜ ሥሩ ከተቦረቦረ ለመጠገን ያስቸግራል።

በጠርዙ ላይ ያለው ዛፍ የሥራው አንድ ክፍል ነው። በአዊ ዞን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ዲከረንስ ተክሎ ከሰል እያከሰለ ጥሩ ገቢ ማግኘቱ የታወቀ ነው፤ ይህ በእርሻው ላይ ቢሠራበት ተቃውሞ የለውም። በሐይቁ ጠርዝ ላይ ያለው ደን ግን እንደ ማሳ ዛፍ ታይቶ በአንድ ጊዜ ሊመነጠር አይችልም፤ ሥሩ ከተነቀለ አፈሩ ወደ ውሃው ይወርዳል። ዘንገና እንደ ወንዝ የሚያጥበው ነገር የለውም። ሐይቁ በሾጣጣ ቅርጽ ቢሰላ የሚይዘው ውሃ 43 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን የገባው ደለል፣ ሳሙናና ላስቲክ የሚወጣበት በር ስለሌለው እዚያው ይቀራል።

ከዚህ አገር ዳርቻዎች ጋር ስሙ የተያያዘ አንድ ሰው አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ነው። ይህ ሰው የጣናን ዳር እየዞረ ለክቶ ካርታ አውጥቶ፣ መጽሐፉን በ1936 አሳተመ። የለካው በበቅሎና በእግር እየሄደ ነበር። ዛሬ ዘንገናን በዚያ ዓይነት ትዕግሥት መዞር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ አንድ የሰርቬይ ቡድን በሁለት ወይም በሦስት ቀን ጠርዙንና የዳሩን ጥልቀት በየ50 ሜትሩ ለክቶ ካርታ ላይ ሊያሳርፍ ይችላል። የማኅበሩ አባላት ለዚህ የሚሆን ዕውቀትም መሣሪያም አላቸው።

ካርታው ሲገኝ ከሁሉ በፊት የሚሠራው ሰሌዳ ነው። በአማርኛና በአውኚ ተጽፎ፣ ውሃው ከዳሩ በስንት ሜትር ላይ ከሰው ቁመት እንደሚያልፍ በቁጥር ይናገር። ከሰሌዳው ሥር 30 ሜትር ገመድ ያለበት የመኪና ጎማ ከመናሊ ይሰቀል፤ ቁልፍ አይደረግበት። በየዓመቱም ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል በእንጅባራ ሲከበር ከሩቅ የመጣው እንግዳ ወደ ሐይቁ መጎራበቱ ስለማይቀር፣ ገመዱ ከዚያ ቀን በፊት ተፈትሾ የበሰበሰው ይቀየር።