ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው ተማሪዎች ስለሚጠይቁት ጥያቄ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር



ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሆነ ታሪኩ የሚሰጠን በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ይህ ቋንቋ የከበደው ተማሪ የሚጎዳው በአንድ ትምህርት ብቻ አይደለም። ነገር ግን ብዙዎች «ይሣቅብናል» ብለው ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ታናናሾቻችን አዘውትረው ከሚያቀርቡልን ጥያቄዎች ሦስቱን መርጠን ዛሬ ልንገልጽ እንወዳለን።

መጀመሪያው የመስተዋድድ ጥያቄ ነው። በአማርኛ «በቤት»፣ «በሰኞ ዕለት»፣ «በሦስት ሰዓት»፣ «በአውቶቡስ»፣ «በእርሳስ» ስንል አንዲቱ «በ» ሁሉን ታገለግላለች። እንግሊዝኛ ግን ሥራውን ከፋፍሎ ለቤቱ «ኢን»፣ ለዕለቱ «ኦን»፣ ለሰዓቱ «አት»፣ ለአውቶቡሱ «ባይ»፣ ለእርሳሱ «ዊዝ» ይላል። ስለዚህ «የ‹በ› እንግሊዝኛ ምንድን ነው?» ለሚል ጥያቄ አንድ መልስ አይገኝለትም። «እዚህ ላይ ‹በ› የምታመለክተው ቦታን ነው፣ ጊዜን ነው ወይስ መሣሪያን?» ብሎ የጠየቀ ግን መልሱን ያገኛል።

ሁለተኛው የብዙ ቁጥር ጥያቄ ነው። በአማርኛ «አምስት ብር»፣ «ሦስት መጽሐፍ» ቢባል ነውር የለበትም፤ ቁጥሩ ራሱ ብዛቱን ተናግሯልና። እንግሊዝኛ ግን ቁጥሩ ቢነገርም ስሙ ደግሞ እንዲበዛ ስለሚያስገድድ «ስሪ ቡክስ» ይላል። በአንጻሩ ምክር ማለት በሆነው «አድቫይስ» እና የቤት ዕቃ ማለት በሆነው «ፈርኒቸር» ላይ «ስ» አይጨመርም። «ቺልድረን» የሚለውንም «ቺልድረንስ» ብሎ ማብዛት «መምህራን» የሚለውን «መምህራኖች» እንደ ማለት ነው፤ የበዛውን ደግሞ ማብዛት ይሆናል።

ሦስተኛው የተውላጠ ስም ጥያቄ ነው። «መጣ» ባልን ጊዜ ባለቤቱ በግሡ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ግን «ሂ ኬም» ብሎ ባለቤቱን ለብቻው ያቆመዋል፤ ስለ ዝናብ እንኳ ሲናገር «ኢት ሬይንድ» ይላል። እንደዚሁም «የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል በግሡ መጨረሻ ያለችው «ት» መጽሐፉን ታመለክታለች። ይህችኑ «ት» ይዞ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረ ተማሪ «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢት» ይላል፤ በእንግሊዝኛ ግን የመጨረሻው «ኢት» መቅረት አለበት። ደግሞ «አንተ»ም «አንቺ»ም «እርስዎ»ም በእንግሊዝኛ «ዩ» ናቸው። ስለዚህ ተማሪ መምህሩን «ዩ» ቢል እንደ ድፍረት አይቆጠርበትም።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ብዙው ስሕተት ከስንፍና የመጣ ሳይሆን የአፍ መፍቻ ቋንቋን ሕግ ከመጠበቅ የመጣ መሆኑን ነው። የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑ ጓደኞቻችንም ሕጉን በየቋንቋቸው ቢመረምሩ ይህንኑ ያገኙታል። ስለዚህ እንግሊዝኛን ደኅና አድርጎ ማወቅ የሚሻ ተማሪ የራሱን ቋንቋ ሰዋስው አይናቅ። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ስለ አማርኛ ሰዋስው የጻፉትን መጽሐፍ ከእንግሊዝኛው አጠገብ አስቀምጦ ሁለቱን ያስተያይ።

መምህራንን የምንለምነው፣ ስሕተቱን በቀይ ቀለም ሲያርሙ ከየት እንደ መጣም እንዲነግሩን ነው። እናንተ ጓደኞቻችን ደግሞ በሚጠይቅ ተማሪ ላይ አትሣቁ። እርሱ የጠየቀውን ከእናንተ መካከል ብዙዎች በልባቸው ይዘውታልና።