ከሌሊቱ 9:30 በአሶሳ

እሷ፦ የአሶሳ የቅርጫት ኳስ ወዳጆች፣ የኤንቢኤ ፍጻሜ ደረሰ! በምሥራቅ አሜሪካ ከምሽቱ 2:30 የሚጀምረው ጨዋታ እኛ ጋ ከሌሊቱ 9:30 ነው፤ ያውም በሰኔ ዝናብ።

እሱ፦ ያንን እንቅልፍ በደስታ እሠዋለሁ። አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል፤ መጀመሪያ ሁለቱን ያሸነፈ ይጨርሳል ባይ ነኝ።

እሷ፦ ኧረ አትቸኩል! ሰኔ 2008 ዓ.ም. ጎልደን ስቴት 3 ለ 1 መርቶ የለም እንዴ?

እሱ፦ አዎ፣ ክሊቭላንድ ሦስቱን አከታትሎ አሸነፈ። በፍጻሜ ታሪክ ከዚያ በፊት ማንም አላደረገውም።

እሷ፦ ሰባተኛውን ደግሞ በባለሜዳው ደጋፊ ፊት፣ 93 ለ 89! ስለዚህ ዘንድሮም ሰባት ጨዋታ ይሄዳል እላለሁ።

እሱ፦ እኔ ስድስት። አድማጮች፣ እናንተስ?