የእስራኤል ምድር ወሰንና የሰባተኛው ዓመት እርሻ



ወሰን በገመድና በመሣሪያ እንደሚለካ ለዚህ ጉባኤ የሚነገር አይደለም። ይሁንና ገመዱ ከመዘርጋቱ በፊት የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ወሰኑ የምን ወሰን ነው የሚለው ነው። የንጉሥ ግዛት፣ የባለርስት ይዞታና የግብር ክልል በአንድ አገር ላይ ሦስት ልዩ ልዩ መስመር ሊኖራቸው ይችላል። የአይሁድ ሊቃውንት ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ለሚጠጋ ዘመን የመረመሩት የእስራኤል ምድር ወሰንም ከዚህ ዓይነት ነው። በኦሪት ሕግ ገበሬው ከምርቱ አሥራት ያወጣል፤ በየሰባተኛውም ዓመት መሬቱን ያሳርፋል። ግዴታው በመሠረቱ የዚያች ምድር ግዴታ ስለ ሆነ፣ ከወሰኑ ወዲህ ያለው ገበሬ ሞፈሩን ሲሰቅል ከወሰኑ ወዲያ ያለው ጎረቤቱ ያርሳል።

በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 34 ወሰኑ በዝርዝር ተጽፏል። ችግሩ ግን የስሞቹ ነው። በደቡብ ምዕራብ የተጠቀሰው የግብፅ ወንዝ የትኛው ነው? በግብፅ የተወለደው ሊቅ ሰዓድያ ጋኦን በሲና ያለው የኤል አሪሽ ሸለቆ ነው ብሎ ተርጉሞታል፤ ፈረንሳዊው ራሺ ደግሞ ዓባይ ነው ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሰፊ በረሃ ርቀት ነው። የኛን የዓባይ ውሃ እስከዚህ ክርክር ድረስ የሚያደርሰው የራሺ አስተያየት መሆኑን በመንገድ ላይ ማስታወስ አይከፋም።

ይሁን እንጂ የገበሬውን ዕጣ የሚወስነው ይህ ሰፊው ወሰን ብቻ አይደለም። በ200 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀረው ሚሽና ስለ ሰባተኛው ዓመት ሲደነግግ ምድሪቱን በሦስት ይከፍላታል። ከባቢሎን ምርኮ የተመለሱት ሰፍረው በያዙት፣ በሰሜን እስከ አክዚብ በሚደርሰው አገር፣ መሬቱ አይታረስም፤ ያለሕግ የበቀለውም አይበላም። ከግብፅ የወጡት አባቶች ይዘውት ከባቢሎን የተመለሱት ግን ባልያዙት አገር ፍሬው ይበላል፤ መሬቱ ግን አይታረስም። ከዚያ ውጭ ሁለቱም የተፈቀደ ነው። ሙሴ ማይሞኒደስ በ12ኛው መቶ ዓመት የልዩነቱን ምክንያት ሲያብራራ፣ የመጀመሪያው ቅድስና በጦር ድል የተገኘ ስለ ነበር ምድሪቱ በድል ስትወሰድ አብሮ ተሻረ፤ በዕዝራ ዘመን የመጣው ሁለተኛው ግን ሰፍሮ በመያዝ የጸና ስለ ሆነ አልተሻረም ይላል። ስለዚህ በካርታ ላይ አንድ መስመር ብቻ አስምሮ የሚያልፍ ሰው አንባቢውን ያሳስተዋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የቤትሳን ጉዳይ ነው። ሚሽናን ያጠናቀረው ይሁዳ አለቃው፣ ራቢ ሜኢር በቤትሳን አሥራት ሳያወጣ የአትክልት ቅጠል መብላቱን ምስክር ሲነግረው፣ ከተማይቱን በሙሉ ከግዴታው ነፃ አወጣት። ወንድሞቹና የአባቱ ቤት ሰዎች ተሰብስበው አባቶችህ ግዴታ አለባት ያሏትን ከተማ አንተ እንዴት ትፈታለህ ብለው ተቃወሙት። እርሱም ንጉሥ ሕዝቅያስ ሙሴ የሠራውን የናስ እባብ መሰባበሩን ጠቅሶ፣ አባቶች ለልጆች የሚሠሩትን ትተውላቸዋል ሲል መለሰ። ታልሙድ በዚያው ሥፍራ ሌላም ነገር ይጨምራል፤ ከባቢሎን የተመለሱት አንዳንድ ከተሞችን ሳይቀድሱ የተዉት ድሆች በሰባተኛው ዓመት የሚደገፉበት እንዲኖር ነው። እንግዲህ ወሰኑን ወደ ውስጥ የሰበሰበው ወንዝ ወይም ተራራ ሳይሆን የድሀ እንጀራ ነበር ማለት ነው። ቀያሾች በሜዳ የሚገጥማቸው ምልክት እንዲህ ያለ ታሪክ ከጀርባው ሊኖረው እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

ከቤትሳን በስተደቡብ ባለው በሬሖብ፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በጥንት ምኵራብ ወለል ላይ በጥቃቅን ድንጋይ የተነጠፈ 29 መስመር ጽሕፈት ተገኘ። ይህ ጽሕፈት ጸሎት ወይም ውዳሴ ሳይሆን የገበሬና የነጋዴ መመሪያ ነው። በቤትሳን ገበያ በሰባተኛው ዓመት የተከለከሉትን፣ ሰሊጡን፣ ሰናፍጩን፣ ሩዙንና ከሙኑን ይዘረዝራል። የከተማይቱን የነፃነት ክልልም በአራቱም አቅጣጫ ይለካል፤ በደቡብ ከበሩ እስከ ነጩ እርሻ፣ በምዕራብ ከመጭመቂያው በር እስከ ንጣፉ መጨረሻ፣ በሰሜን እስከ አንዲት መንደር፣ በምሥራቅ እስከ አንድ መቃብር። የምድሪቱ ጠቅላላ ወሰንም በአስቀሎና መንታ መንገድ ጀምሮ በቂሣርያ ግንብ፣ በዶርና በአካ ቅጥር በኩል ወደ ሰሜን ይሄዳል። በጅረት፣ በዋርካና በድንጋይ ክምር ርስቱን ሲለይ ለኖረ አገር ሰው ይህ አጻጻፍ እንግዳ አይደለም።

በ1306 ከፈረንሳይ የተባረረው ሐኪም ኢሽቶሪ ሃፓርሒ በዚያው በቤትሳን ኖሮ፣ አገሪቱን በእግሩ እየዞረ በ1322 መጽሐፉን ጽፎ ሲፈጽም የሬሖብ ጽሕፈት ከመሬት በታች ተቀብሮ ነበር። እርሱ የነበረው መጽሐፍ፣ የቦታ ስምና የገበሬው አነጋገር ብቻ ነው።

ነገሩ ዛሬም የመዝገብ ቤት ጉዳይ አልሆነም። ከመስከረም 2021 እስከ መስከረም 2022 እ.ኤ.አ. በዋለው ሰባተኛ ዓመት፣ ከባቢሎን የተመለሱት አልሰፈሩበትም በሚባለው በደቡባዊው ዓረባ ሸለቆ አትክልት ተዘርቶ፣ ሕጉን ለሚጠብቁ ሸማቾች ቀርቧል። በዚያው ሸለቆ ወደ ሰሜን ሲወጣ ግን የሊቃውንቱ አስተያየት ይለያያል፤ በመካከሉ ያለው ገበሬ ቲማቲሙን ለአንዱ ሸጦ በሌላው ደጃፍ ሊመለስበት ይችላል።